ኤሪካ በጅማ ግቢ ትሆናለች? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ ወደ አንድ የተክል ቤተሰብ አዘንብለዋል። አንዷ አንባቢ ከአውሮፓ ልትመጣላት ስላለች ኤሪካ የምትባል አበባ ትጠይቃለች። አንድ አባት ደግሞ በልጅነታቸው ስለሚያውቁት አስታ ስለሚባል የደጋ ዛፍ ጽፈውልኛል። ሁለቱ ተክሎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትም ለእነሱ ሰፋ ያለ ቦታ እሰጣለሁ። የቲማቲምና የቃሪያ ጥያቄ የላካችሁ በሚቀጥለው ወር ጠብቁኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቦሳ ቂጦ ነው። እህቴ ጀርመን አገር ናት። ባለፈው ጥር በረዶ መሀል ያበበ ሮዝ አበባ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ኤሪካ ትባላለች፣ ብርዱ ሲብስ ነው የምታብበው» አለችኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣችም። ለገና ስትመጣ ችግኝ ላምጣልሽ እያለችኝ ነው። ግቢዬ ቀይ አፈር ነው። ከቤቱ ጀርባ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ፊት ለፊቱ ግን ተዳፋት ነው። ጎረቤቴ «የጅማ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ካልበተንሽበት አትልፊ» ብሎኛል። ምን ይሻለኛል? (ሰ. ነኝ፣ ከቦሳ ቂጦ)

መልስ፦ ሰላም ልጄ። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። መሬት ላይ አትትከያት። በፖት፣ በታዛ ሥር ሞክሪያት። ኖራውን ደግሞ ተዪው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ሌላም ተክል ሲመጣልሽ ራስሽ ትፈርጂያለሽ።

እህትሽ ፎቶ ያነሳቻት ኤሪካ ካርኒያ የምትባለው ሳትሆን አትቀርም። የትውልድ አገሯ የአልፕስና ሌሎች የመካከለኛውና የደቡብ አውሮፓ ተራሮች ናቸው። ቁመቷ ከ25 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሏን አታረግፍም። ቅጠሏ እንደ ጥብስ ቅጠል ቀጭን ነው፣ ግን በጣም ያጠረ። አበባዋ ደቃቃ ነው፤ ነጭ፣ ሮዝ ወይም ደማቅ ቀይ ወይን ጠጅ ይሆናል። ከታኅሣሥ አካባቢ ጀምራ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ታብባለች። ሌላው ተክል ሁሉ ተኝቶ ሳለ እሷ ስለምታብብ፣ ቀደም ብለው የሚወጡ ንቦች ይወዷታል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ብርድ አይገድላትም።

አሁን ወደ ጅማ እንምጣ። ከተማችን ያለችው ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበትም ጊዜ አለ። ሲነጋ ግን ፀሐዩ ይበረታል፣ ቀትር ላይ ከ25 ዲግሪ ያልፋል። አውሮፓ በዚያው ወር ቀንና ሌሊት ብርድ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። ጀርመን ውስጥ በክረምታቸው ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ በሰኔ ደግሞ 16 ሰዓት ይደርሳል። እኛ ጋ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኤሪካ የኖረችው በዚያ ትልቅ መለዋወጥ ነው። እድገቷም፣ እንቡጧም፣ አበባዋም የተሠራው በዚያ ዑደት ላይ ነው። እዚህ ስትመጣ ያ ሁሉ ይጎድልባታል።

አፈሩ ግን አልጎደለባትም። እንዲያውም ቀይ አፈራችን በተፈጥሮው አሲዳማ ነው፣ የኤሪካ ቤተሰብም አሲዳማ አፈር ይወዳል። ጎረቤትሽ የተናገረው ለበቆሎ ወይም ለገብስ ማሳ ቢሆን ልክ ነበር። የአሲዳማ መሬት ገበሬ ኖራ የሚበትነው እህሉ ፎስፈረስ እንዲያገኝና ሥሩ እንዳይጎዳ ነው። ለኤሪካ ግን አያስፈልግም። ካርኒያ ከዘመዶቿ ለየት ብላ ኖራ ያለበትን አፈር ትችላለች፤ ትችላለች እንጂ አትለምነውም። በዚያ ላይ ኖራ አንዴ ከበተንሽ መልሰሽ ልትለቅሚው አትችይም። አጠገቡ ጎመን ቢሆን ይወደዋል። ሌላ አሲድ ወዳድ አበባ ካለሽ ግን ቅጠሉ ይገረጣብሻል።

ትልቁ ጠላቷ ውሃና ሙቀት ሲገናኙ ነው። ይህን ነጥብ በደንብ ያዢልኝ። ብዙ ሰው «አልፕስም እኮ ይዘንባል» ይላል። እውነት ነው፣ ይዘንባል። እዚያ ግን ዝናቡ ቀዝቃዛ ነው፣ መሬቱም ድንጋያማ ተዳፋት ስለሆነ ውሃው ወዲያው ይወርዳል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛውም የሚወርደው መሬቱ ሞቅ ብሎ ሳለ ነው። የኤሪካ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር አበስባሽ በሽታ ይይዘዋል። ፋይቶፍቶራ ይሉታል ባለሙያዎቹ። የበሽታው ዘር ውሃ ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ይሄዳል። ተክሉ ከላይ ውሃ የጠማው መስሎ ይጠወልጋል። ሰው ደንግጦ ውሃ ይጨምርለታል፣ ያኔ ያበቃል። ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ጭራሽ አታስቢው። እዚያ ካና ትከይበት፤ ካና እርጥበት ቢበዛባት ቅር አይላትም።

እንዴት ትያዝ? ፖቱ ሸክላ ቢሆን እመርጣለሁ። ሸክላ ይተነፍሳል፣ ሥሩንም ያቀዘቅዛል። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ታቹ በደንብ የተበሳ። ከሥሩ ሁለት ጡብ አድርጊለት፣ ቀዳዳው መሬት ላይ እንዳይደፈን። አፈሩን አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ የቅጠል ብስባሽ አድርጊው። ብስባሹን ከጫካ መገፈፍ የለብሽም። የዋንዛ፣ የሰሳ ወይም የብርብራ ጥላ ያለው የቡና ጓሮ ካላቸው ዘመዶችሽ አንድ ከረጢት ይበቃሻል። አሸዋው ደግሞ ሲሚንቶ ከተቦካበት ቦታ የተዛቀ አይሁን። ሲሚንቶም ውስጡ ኖራ ነው።

ፍግ አትጨምሪ። ዩሪያም አትጨምሪ። የኤሪካ ሥር ከአንድ ዓይነት ደቂቅ ፈንገስ ጋር ተባብሮ ነው የሚበላው፤ ፈንገሱ ከደሃ አፈር ምግብ ፈልፍሎ ያመጣላታል። ማዳበሪያ ሲበዛ ያ ሽርክና ይፈርሳል፣ ሥሩም ይቃጠላል። የቡና አተላ ላፍስስባት የምትይ ከሆነ እሱንም ለኮምፖስቱ ተዪው፤ ፖት ላይ ሲጋገር ውሃ አያሳልፍም። ለጉዝጓዝ የፈረንጅ ፅድ ቅጠል ጥሩ ነው፣ ሳሳ አድርገሽ ንስንሺው።

ቦታዋ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት ይሁን። እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ይምታት፣ ከዚያ በኋላ ጥላ ይሁንላት። ከታዛው ሥር ስትሆን የሐምሌ ዶፍ አይደርስባትም። ግን ከቆርቆሮው ግድግዳ አርቂያት፤ ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ይተፋል። ነፋስ የሚያልፍበት ጥግ ምረጪ። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፖቱን ከታዛው አውጥተሽ ሌሊቱን ሰማይ ሥር ይደር። ያለንን ብርድ ሁሉ ትቅመሰው። ጠዋት ጤዛው ሲያገኛትም ደስ ይላታል።

በበጋ አፈሯ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ። ቀጭን ሥር አንዴ ከደረቀ ከላይ የምታፈሺው ውሃ በፖቱ ጠርዝ ሾልኮ ይወርዳል እንጂ መሀሉን አያርሰውም። እንዲህ ከሆነብሽ ፖቱን ሳፋ ውስጥ አስቀምጪና ከታች ጠጥቶ አረፋው ሲያቆም አውጪው። ውሃው ከአሸንዳ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። አበባው ሲያልቅ ጫፍ ጫፏን በመቀስ ከርክሚያት። ቅጠል ወደሌለው አሮጌ እንጨት አትዝለቂ፤ ከዚያ ብዙም አያቆጠቁጥም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። እህትሽ ለገና የምታመጣት ችግኝ መጀመሪያ ላይ ታብብልሻለች። ደስ ይበልሽ፣ ተመልከቻት፣ ግን በዚያ አትፍረጂ። ያ እንቡጥ የተቋጠረው ባለፈው በጋቸው፣ እዚያው አውሮፓ ነው። ያንቺ ግቢ የሚፈተነው በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ወዳጄ ከሆላንድ ያስመጣቻትን ኤሪካ አብረን ስንከባከብ ያየሁት ይህንን ነው። በመጣች ጊዜ ፖቱ በሮዝ ተሸፈነ። በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሏ ለምለም ነበር፣ አበባዋ ግን እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ። በኋላ ዴዶ ደጋው ላይ ወዳሉ ዘመዶቿ ወሰደቻት። ዴዶ ከጅማ ብዙ አይርቅም፣ ግን አየሩ ሌላ ነው። እዚያ የተሻለ ታብባለች። እኔ ይህን ሳይ የገባኝ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ ኤሪካን በሕይወት ማቆየት እንደሚቻል፣ የፎቶዋን ያህል እንድታብብ መጠበቅ ግን ልብን መጉዳት እንደሆነ ነው። ከልብሽ ካልወጣች ግን በዚህ ልክ ጠብቀሽ አሳድጊያት። ለምለም ሆና ጥቂት ብታብብም የምታምር ተክል ናት።

ምርጫ ካላት እህትሽ ኤሪካ ዳርሌየንሲስ የሚለውን ስም ትፈልግ። እንግሊዝ አገር ዳርሊ ዴል በሚባል ቦታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከካርኒያና ከሌላ ዘመዷ የተዳቀለች ናት። ቁመቷ ጠና ይላል፣ ሙቀትንም ከካርኒያ ይልቅ ትታገሳለች።

የመጨረሻው ነገር፣ እባክሽ በሻንጣ ደብቃ እንዳታመጣ። ማንኛውም ችግኝ ወይም ዘር ከውጭ ሲገባ የማስገቢያ ፈቃድና ካገሩ የተሰጠ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ከመምጣቷ በፊት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ጠይቂ። ይህን የምልሽ ለወረቀት ብዬ አይደለም። የምንኖረው በቡና አገር ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በፈረንጅ 1971 አገራችን ውስጥ ከታየ ወዲህ እስከ ዛሬ አልወጣም። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለማውጣት ስንት ዘመን ደክሟል። ፖት ውስጥ ያለ እፍኝ አፈር ምን ይዞ እንደሚመጣ በዓይን አይታይም። ፈቃዱ ካልተገኘ ይቅርብሽ። ከታች ለተማሪው የሰጠሁትን መልስ አንብቢ፤ በሷ ምትክ የምትሆን አለች።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጇ ሰላምታዬ ይድረስ። ትውልዴ ደባርቅ ነው። ጅሬን ሥር ቤት ሠርቼ ልጅ ወልጄ፣ ጅማ አገሬ ከሆነ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ዘመድ ለመጠየቅ ሄጄ አስታውን ሳየው የልጅነቴ ነገር ሁሉ መጣብኝ። እኛ ቤት የምንሠራውም፣ የምናነደውም በሱ ነበር። የልጅ ልጆቼ አስታ ምን እንደሆነ አያውቁም። አንድ እግር ግቢዬ ውስጥ ብተክል ይይዝልኛል? ከተራራው ቅርንጫፍ ባስመጣስ? (የጅሬን ነዋሪ)

መልስ፦ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አስታ እላይ የተጻፈላት የኤሪካ ወገን ነው። የሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ነው። በዓለም ላይ ከ800 በላይ የኤሪካ ዓይነቶች አሉ፣ አብዛኞቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናቸው። የኛው አስታ ግን ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ፣ ጮቄንና ጉናን ጨምሮ የደጋችን ዛፍ ነው። ባሌ ውስጥ ሳቶ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ደኑን ይዞ የሚቆመው እሱ ነው። ሌላው ዛፍ ብርዱን ሸሽቶ ሲቀር አስታ የዛፍ ሽበት (ከቅርንጫፉ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን ግራጫ ነገር) ተሸክሞ ይቀጥላል። ካልተቆረጠ የቤት ጣራ የሚያልፍ ዛፍ ይሆናል፤ በየጊዜው ሲቆረጥና ሲቃጠል ግን ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል።

ጅማ ላይ ይይዛል ወይ? ተስፋ አለው እላለሁ። ከአውሮፓዋ ካርኒያ ይልቅ በአስታ ላይ የበለጠ ተስፋ አለኝ። ምክንያቱም ይኸው ዛፍ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ፣ ጣልያንና ስፔን ውስጥ፣ በዝቅተኛ ቦታም ይበቅላል። ሙቀት ብቻውን አይገድለውም ማለት ነው። እዚያ ግን ሙቀቱ የሚመጣው ዝናብ በሌለበት ወራት ነው። የኛ ጅማ ሞቅ ያለ ዝናብ ነው የሚያሰጋኝ። ደግነቱ የእርስዎ ቤት ጅሬን ኮረብታ ሥር ነው፤ ከአዌቱ ወንዝ ዳር ካለው ሜዳ ይልቅ ውሃ ይወርድሎታል። ቦታውን ከፍ ያለ መደብ አድርገው፣ ከታች ጠጠር ረብርበው፣ ፀሐይ ሙሉ ቀን የሚያገኝበት ላይ ይትከሉት።

ቅርንጫፉን በተመለከተ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ እንዳይቆረጥ አደራ እላለሁ። ቦታው በፈረንጅ 1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ አስታውም የዋልያው ቤት ነው። ከፓርኩ ውጭ የዘመዶችዎ አጥር ላይ ካለ ከዚያ ይበቃል። ገና ያልጠነከረ፣ አበባ የሌለው ጫፍ ይመረጥ። ርዝመቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ትልቅ ቅርንጫፍ ሥር አያወጣም። እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ በቶሎ ይምጣ። እኩል የአሸዋና የቅጠል ብስባሽ ድብልቅ ላይ ይሰኩት። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ለሁለት ቆርጠው ከላይ ይድፉበት። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ብዙ ያድርጉ፣ አንዳንዱ ብቻ ነውና የሚይዝልዎት።

ዘሩ የበለጠ ይቀናል ብዬ አስባለሁ፣ ለመንገድም አያስቸግርም። የደረቀውን አበባ ወረቀት ላይ ሲያራግፉት አቧራ የመሰለ ነገር ይወርዳል፤ ዘሩ እሱ ነው። አፈሩ ላይ ይበተናል እንጂ አይቀበርም፣ ብርሃን ይፈልጋል። ከላይ ውሃ ካፈሰሱበት ይታጠባል። ሳህኑን ውሃ ያለበት ትሪ ላይ አስቀምጠው ከታች ይጠጣ። ከዚያ ትዕግሥት ነው። አስታ አይቸኩልም። አንዴ ሥሩ ከያዘ ግን ጠንካራ ነው፤ ላዩ ቢቃጠል እንኳ ከመሬት በታች ካለው የግንዱ እብጠት መልሶ ያቆጠቁጣል። ባሌ ላይ እረኞች ለግጦሽ ሲያቃጥሉት እየደጋገመ የሚነሳው ለዚህ ነው። እስከ አሮጌው እንጨት ድረስ ከርክሞ ማሳጠርም ይቻላል፣ በዚህም ከካርኒያ ይለያል።

ሲያብብ አበባው ነጭ ነው፣ ያውዳል፣ ንብ ይሞላዋል። ቀፎ ካለዎት አጠገቡ ያድርጉት። ችግኙ ሲወጣ እባክዎ ይጻፉልኝ፣ መጥቼ አያለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንድ ካፌ አጥር ሥር በረድፍ የተተከለ አጭር ተክል አለ፣ ደቃቃ ሐምራዊ አበባ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋበትም። ስልኬ ላይ ባለው የተክል መለያ አፕ ሳነሳው አንዴ ሄዘር፣ አንዴ ሌላ ነገር ይለኛል። ሄዘር ማለት ኤሪካ ነው አይደል? ከሆነ ታዲያ ጅማ ላይ ይበቅላል ማለት ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ዓይን አለህ። ያየኸው ግን ኤሪካ ሳይሆን ኩፊያ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሙሉ ስሙ ኩፊያ ሂሶፒፎሊያ ነው። ፈረንጆቹም ስለሚመሳሰሉባቸው የሜክሲኮ ሄዘር ይሉታል፣ አፑም የተምታታበት በዚህ ነው። በሥጋ አይገናኙም። የኩፊያ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ስለዚህ የጅማ ሙቀትና ዝናብ እንግዳ አይሆንበትም።

ለማረጋገጥ ቀረብ ብለህ እይ። የኤሪካ አበባ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ደወል ነው፣ ወደ ታች ያዘነብላል። የኩፊያው አበባ ክፍት ነው፤ ስድስት ቅጠል ታገኝበታለህ። የኤሪካ ቅጠል መርፌ ነው፣ በግንዱ ዙሪያ በክብ ይደረደራል። የኩፊያው ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ይህን ካየህ አፕ አያስፈልግህም።

እኔ ለጅማ ግቢ ይህን ተክል በሙሉ ልብ እመክራለሁ። የቦሳ ቂጦዋ እህታችንም ብታነበው ደስ ይለኛል። ከጉልበት በታች ሆኖ ይሰፋል። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በረድፍ ከተተከለ የመንገድ ዳር ወይም የአበባ መደብ ጠርዝ አሳምሮ ይይዛል። በበጋ ሌላው ሲደርቅ እሱ ትንሽ ውሃ ካገኘ አበባውን ይቀጥላል። ሐምራዊ፣ ሮዝና ነጭ ዓይነት አለው። ማባዛት ከፈለግህ የካፌውን ባለቤት አስፈቅደህ ጣት የሚያህሉ ጫፎች ቁረጥ። ሰኔ ላይ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰካቸው። የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነህና ግብርና ኮሌጁ ካሉ ልጆች ጋር ተባበሩ፣ ለግቢያችሁም ይተርፋል። የራስህ ክፍል መስኮት ላይ በትንሽ ፖትም ይሆናል፣ ፀሐይ እስካገኘ ድረስ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሃይድራንጃዬ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነበረች። አምና የግንብ አጥር አሠራን። ዘንድሮ ወደ ግንቡ ያሉት ሮዝ ሆኑብኝ፣ ወደ ሜዳው ያሉት ግን እንደ ድሮው ናቸው። ታመውብኝ ነው? (እናት ነኝ፣ ከበቾ ቦሬ)

መልስ፦ እናቴ፣ አልታመሙም። ግንቡ ሲሠራ የፈሰሰው ሲሚንቶና ኖራ ነው። ሃይድራንጃ ሰማያዊ የምትሆነው አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ነው፤ ያኔ አሉሚኒየም ከአፈሩ ወደ አበባው ይገባል። ኖራ ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ይታሰርና አበባው ሮዝ ይሆናል። እዚህ እትም ላይ ስለ ኖራ ያልኩትን ሁሉ እርስዎ ግቢ ውስጥ በቀለም ተጽፎ አግኝተውታል። ሮዙን ከወደዱት ምንም አያድርጉ። ሰማያዊውን ከፈለጉ አበባው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከግንቡ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው ይትከሏቸው። ሥሩ ላይ የተጣበቀውን አፈር አራግፉት፣ ጉድጓዱንም ከሜዳው በመጣ ቀይ አፈርና በቅጠል ብስባሽ ይሙሉት። ቀለሙ ወዲያው አይመለስም፣ በሚቀጥለው አበባ ግን መቀየር ይጀምራል። ከግንቡ ሥር ባዶ በሚቀረው ቦታ ላይ ጎመን ወይም ቆስጣ ይዝሩበት።